ቡና የኛ ነው ባዮች

«ቡና የተገኘው ከኛ ነው» ማለት ሳይሰለቸን ኖረናል። ባዕድ ስሙን ሲነካብን እንቆጣለን። እናት ዛፉ ሲመነጠር ግን ዝም! በቡናው የሚኮራ ሰው ሊያፍር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ፍሬውን ገና በአረንጓዴነቱ ያጠቁረው ጀመር። ያን ጊዜ ተመራማሪዎች በሽታው በበላው ቡና መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ። ዛሬ ገበሬው በየማሳው የሚተክላቸው 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የተገኙት በኢሉባቦር፣ መቱ ቢሻሪ ከተመረጡ ዛፎች ነው፤ በቁጥሩ ራስ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ አንድ ሰው እነዚያን ዛፎች ለማገዶ ቆርጧቸው ቢሆንስ ኖሮ?

ያን ውለታ የዋለልንን ደን ዛሬ ለእርሻና ለከሰል እንመነጥራለን። የጓሮውን ቡና ነቅለን ጫትና ባሕር ዛፍ እንተክላለን። ገበሬውን እንኳ ብዙም አልወቅስ፤ ቡናው ልጆቹን ካላበላለት ምን ያድርግ? የምወቅሰው የተማረውን ነው። ስንት ችግኝ እንዳደለ በሪፖርቱ ይደረድራል፤ ችግኙ በተተከለበት ጉድጓድ ምን ዓይነት ቡና ተነቅሎ እንደነበር ሲጠየቅ አፉ ይያዛል። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ኩሩሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ ብሎ ይለያል። የተማረው ግን ሁሉንም «ነባር ቡና» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋዋል፤ ዲግሪ ይዞ!

«የቡናው ዝርያ ጮጬ ባለው የዘር ማሳ ላይ ተጠብቋል» ይሉናል ደግሞ። ጮጬ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን የቡና ዘር እንደ ስንዴ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለዘመናት አይቀመጥም፤ ዛፉ በሕይወት ማሳ ላይ መቆም አለበት። ማሳ ደግሞ አራሚና ጠባቂ ካጣ አረምና ድርቅ ይበላዋል። ከአዲስ በሽታና ከሚለዋወጥ አየር ጋር እየታገለ ራሱን የሚያድሰው ደን ውስጥ ያለው ቡና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከአገራችን የወጣው የጌሻ ቡና ፓናማ ላይ በውድ ሲሸጥ «ተዘረፍን» ብለን ጮኸናል። ከአጠገቡ ቆመው የቀሩትን ሌሎቹን ዛፎች ግን ማን ቆጠራቸው? ማንስ ቀምሷቸዋል? እናንተ የወረዳ ሹሞች፣ በመሬት ኪራይ ውል ላይ ማኅተም ከማሳረፋችሁ በፊት ደኑ ውስጥ ምን ዓይነት ቡና እንዳለ የጠየቃችሁት ማንን ነው?