በገዛ አገር እንግዳ መሆን
(ማቴ. 4፥13፤ ሉቃ. 4፥16-30)



የልደትና የጥምቀት በዓል በተቃረበ ቁጥር ኑሮአቸውን በውጭ አገር የመሠረቱ ልጆቻችን ለጥቂት ሳምንታት ወደ ቤተሰቦቻቸው ይመለሳሉ። በዚህ ወቅት ደስታ ይበዛል፤ ያልተነገረ ቅሬታም ይበዛል። ስለዚህ ጌታችን ራሱ ወዳደገበት ከተማ ያደረገውን ጉብኝት አብረን ብናስተነትን መልካም መስሎ ታየኝ።

ወንጌላዊው ማቴዎስ እንደሚነግረን ጌታችን ናዝሬትን ትቶ በቅፍርናሆም ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ ሉቃስ በሚተርከው ሰንበት ወደ ናዝሬት የገባው ከሌላ ከተማ እንደ መጣ ሰው ሆኖ ነው። በዚህ ትረካ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ጌታ እንደ ልማዱ ወደ ምኩራብ ገባ፤ መኖሪያውን ቢለውጥም የጸሎት ልማዱን አልለወጠም። ሁለተኛ፣ የአገሩ ሰዎች በቅፍርናሆም አደረገ ሲባል የሰሙትን ሁሉ ለእነርሱም እንዲያደርግላቸው ፈለጉ። ይህን የልባቸውን አሳብ ገልጦ የሰራፕታዋን መበለትና የሶርያዊውን የንዕማንን ነገር ባነሣ ጊዜ፣ በቁጣ ከከተማ አወጡት። ከእርሱ የሚገኘውን ፈለጉ እንጂ እርሱን አልተቀበሉም።

ይህ የናዝሬት ጥፋት በእኛም ቤት ይገኛል። በማገለግልበት ቁምስና አንዲት አረጋዊት እናት በባሕር ማዶ ለሚኖር ልጃቸው በየሰንበቱ ጸሎት ያሳስቡ ነበር። ልጁ በስልክ ቢጠይቃቸውም 16 ዓመት ሙሉ አልመጣም፤ በዚህ መካከል አባቱ ዐረፉ። በመጨረሻ በመጣ ጊዜ ወደ እኔ ቀርቦ፣ «አባ፣ የቀረሁት የምመጣበት ሳይሆን የምሰጠው አጥቼ ነው፤ ባዶ እጄን እናቴ ፊት መቆም አፈርሁ» አለኝ። ይህንኑ ለእናቱ እንዲነግራቸው መከርሁት። እርሳቸውም በሰሙ ጊዜ፣ «እኔ ሻንጣ መቼ ጠበቅሁ ልጄ!» ብለው አለቀሱ። በማግስቱ በአባቱ መቃብር ላይ አብረው ቆመው ጸሎተ ፍትሐት አደረስን። እኔም ከነቀፋ ነፃ አይደለሁም፤ ይህ ሰው በሬን ባንኳኳ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለሚያፈሰው የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ነበር።

ስለዚህ፣ ከሩቅ የምትመጡ ልጆቻችን ሆይ፣ ስጦታ ስላነሰ ጉብኝታችሁን አታዘግዩ፤ ስጦታን ማዘግየት ይቻላል፤ የወላጅ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። ስለ ኑሮአችሁም እውነቱን ንገሩ፤ በብድር የተገዛ ልብስና የተጋነነ ወሬ በአገር ቤት ያለውን ወጣት ወደ አደገኛ የስደት መንገድ ይገፋዋል። እናንተም የምትቀበሉ፣ ከሻንጣው በፊት ሰውየውን ተመልከቱ፤ «ምን አመጣህ?» ከማለት አስቀድማችሁ «እንዴት ኖርህ?» በሉት። ስለ ድካሙና ስለ ብቸኝነቱ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነውና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ በውጭ አገር ተወልደው ከወላጆቻቸው ጋር የሚመጡትን ሕፃናት አስቡ። ቋንቋችንን አጣርተው ባይናገሩ አይሣቅባቸው፤ ከእኩዮቻቸው ጋር አስቀምጣችሁ በቋንቋችን ማማተብንና አቡነ ዘበሰማያትን አስተምሩአቸው።

በአገራችን ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ይቀርበታል፤ ሆኖም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያለው ያለ ቪዛ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ግን ይህም መታወቂያ አይጠየቅም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች እንዳስተማረው፣ በክርስቶስ የእግዚአብሔር ቤተ ሰዎች ሆነናል እንጂ እንግዶች አይደለንም (ኤፌ. 2፥19)። የተጠመቀ ሁሉ በዚህ ቤት ልጅ ነው፤ ብዙ ዓመት ቢርቅም ልጅነቱ አይሻርም።

በናዝሬት ቤተኛ ሳለ እንደ ባዕድ የተገፋው ጌታችን፣ የሚመጡትንም የሚቀበሉትንም በፍቅሩ ያስታርቅ፤ ሁላችንንም ወደማያልፈው አገራችን በሰላም ያድርሰን። አሜን።