መልኩ የደበዘዘ ነሐስ

ጌታችን ስለ ግብር ለጠየቁት ሰዎች መልኩንና ጽሕፈቱን ያሳያቸው ዲናር ከብር የተሠራ ነበር። ድሀው ሕዝብ ግን ዕለት ዕለት የሚገበያየው በነሐስና በመዳብ ነው። ከአውግስጦስ ቄሳር ዘመን ጀምሮ አስ የሚባለው መዳብ 16ቱ፥ ሴስቴርቲዩስ የሚባለው ትልቁ ነሐስ ደግሞ 4ቱ ለአንድ ዲናር ይመነዘሩ ነበር። በብዙዎቹ በአንደኛው ፊት የንጉሡ ራስ፥ በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ወይም የድል ምልክት ይቀረጽባቸዋል። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ከጠፋች በኋላ ቬስፓስያን ቄሳር በዘንባባ ሥር ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት አስቀርጾባቸዋል። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ማን እንደሚገዛው በመዳፉ ላይ ያይ ነበር።

ወርቅ በሣጥን ተቈልፎ ስለሚቀመጥ መልኩ ሳይነካ ይኖራል። ነሐስ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አስቀድሞ የንጉሡ ጉንጭና ጠጕር ይለሰልሳል፤ ቈይቶም ጽሕፈቱ ይጠፋል። እንግዲህ መልኩ የጠፋ ገንዘብ የማን ነው?

ካሊጉላ የሚባለው ቄሳር በ41 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ የሮማ ሸንጎ ከጥላቻው ብዛት የተነሣ መልኩ ያለበት ነሐስ ሁሉ እንዲቀልጥ በ43 ዓ.ም. ወሰነ። (ትእዛዙ ፈጽሞ አልተፈጸመም፤ ዛሬም በየቤተ መዘክሩ ይገኛል።) በራይን ወንዝ ዳር በሰፈሩት ጭፍሮች ዘንድ ግን ያረጀው ነሐስ ሳይጣል፥ ትንሽ ማኅተም እየተመታበት እንደ ገና ይዘዋወር ነበር።

ሰው በአርአያ እግዚአብሔር መፈጠሩን የምናስተምር እኛ ከሁለቱ የትኛውን እንመስላለን? በየአጥቢያው ሰካራሙን ወይም በስርቆት የታሰረውን «ይህስ ከሰው ተራ ወጥቷል» ሲሉ እንሰማለን፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ተናጋሪው አንዳንድ ጊዜ ካህን መሆኑ ነው። ለአገራችን አባ ሰላማን የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋዌ በጻፈው መጽሐፍ፥ በሠሌዳ ላይ የተሣለ መልክ ቢቈሽሽ ሠሌዳው እንደማይጣል፥ ባለ መልኩ ዳግመኛ መጥቶ በዚያው ላይ እንደሚሣል በምሳሌ ያስረዳል።

ቄሳር መዳቡን አልፈጠረም፤ የእርሱ ሥራ መልኩ ብቻ ስለ ሆነ መልኩ ሲጠፋ ይገባኛል የሚለው ነገርም አብሮ ይጠፋል። እግዚአብሔር ግን የመዳቡም የመልኩም ባለቤት ነው። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠራ ሰው አለ፤ ሐሰተኛ ሰው የሚፈጥር ግን የለም፤ ሰይጣንም ያበላሻል እንጂ አይቀርጽም። ይህን ስንል ኃጢአትን ማቃለላችን አይደለም፤ መልክ መደብዘዙ እውነተኛ ጕዳት ነው፥ ንስሓም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ወደ ንስሓ አባት በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው የክርስትና ስሙን ነው። ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ረስቶት፥ እናቱን ወይም አክስቱን ሊጠይቅ ወደ መንደሩ ይመለሳል።