ሊሞት ሲል በሩ ተንኳኳ

ሊሞት ሲል አለ፤ ማን ነው ቢሉ ኡቬ ነው። ስዊድናዊው ፍሬድሪክ ባክማን በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ያለ የ59 ዓመት ሰው ነው። ቃሉ ከመጽሐፉ የተቀዳ አይደለም፤ ታሪኩን ጠቅልዬ ያወጣሁት ነው።

ታሪክ፤ ሚስቱ ሶንያ በካንሰር ካረፈች 6 ወር ሆኗታል። መሥሪያ ቤቱም አሰናብቶታል። ከእንግዲህ ምን አለኝ፣ ወደ እሷ ልሂድ ብሎ ቆረጠ። ተንኳኳ አለ፤ ማን አንኳኳው ቢሉ፣ ፓርቫኔ የምትባል ኢራናዊት እርጉዝ፣ አዲስ ጎረቤት። በመጀመሪያ የተመታው እንኳ በሩ ሳይሆን ግድግዳው ነው፤ ባሏ ተጎታች ሲያቆም ፋቀው። ከዚያ መሰላል አውሰን ብለው መጡ። ከዚያ ባልየው ከዚያው መሰላል ወደቀና ሴቲቱ ሆስፒታል አድርሰን እያለች የጋራዡን በር ደበደበች። ነጠላው ንባብ ይህ ነው፤ ያስቃል።

አንድም በሩ ያለው ልቡን ነው፤ ተዘግቶ የነበረው ልቡ ተከፈተ ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ስለምን ቢሉ፣ ሶንያ ስፔን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ የሆዷን ልጅ አጥታ እግሯም አልሄድ ባለ ጊዜ፣ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለተሽከርካሪ ወንበሯ መወጣጫ አልሠራላትም ነበር። ኡቬ ለባለሥልጣናቱ ጽፎ ጽፎ ሰሚ ሲያጣ በገዛ እጁ ሠራው። ልቡ የተዘጋ ሰው እንዲህ አያደርግም። ኋላም ሐኪሙ ልቡ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው አለ። ሐኪሙ የተናገረው ስለ በሽታው ነው፤ ፓርቫኔ ግን ሰምታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ይህንን መጽሐፍ፣ በ2015 የወጣውን የስዊድን ፊልምም ሆነ በ2022 ቶም ሃንክስ የሠራበትን፣ ቁጡ ሽማግሌ ለሰለሰ ብሎ መረዳት ሰውየውን ያሳንሰዋል።

አንድም ያንኳኳችው ሶንያ ናት። ሞታ ሳለ እንዴት ቢሉ፣ ሌላው ተስፋ የቆረጠባቸውን ልጆች ታስተምር ነበርና፤ ደብዳቤ የሚያድለው አድሪያን ከእነዚያ አንዱ ነው። የዘራችው በቅሎ ወደ ባሏ ደጅ መጣ። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፤ ሆኖም ፓርቫኔ ሶንያን አታውቃትም፤ ስለዚህ ሁሉን አይሞላም።

አንድም፣ ይህም የሚጠልቀው ይመስለኛል፣ አንኳኪዋ ችግር ይዛ መምጣቷ ነው። እኛ ሐዘንተኛ ቤት ስንሄድ በርታ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ እንላለን፤ መልካም ነው። ፓርቫኔ ግን እርዳኝ አለችው። መኪና መንዳት አስተምረኝ አለችው። ሐዘንተኛ የሚያጣው ሟቹን ብቻ አይደለም፤ የሚደክምለትንም ያጣል። ኡቬ ዕድሜውን ሙሉ ለሶንያ ሲሠራ የኖረ እጅ ነበረው፤ እሷ ስትሞት ያ እጅ ሥራ ፈታ። ብዙ አጽናኝ ይህን አያይም። ሁሉን ነገር ከሐዘንተኛው እጅ ነጥቀን እኛ እንሠራለን፤ እሱም ለማንም እንደማይጠቅም ሰው ተቀምጦ ያየናል። ሩኔን ተመልከት፤ ኡቬ ሳብ እሱ ቮልቮ እየነዱ የተቃቃሩት የቀድሞ ወዳጁ ነው። አእምሮው ከድቶት የመንግሥት ሰዎች ከሚስቱ ነጥለው ወደ መጦሪያ ሊወስዱት ሲሉ፣ ለሩኔ የቆመው ያው ሊሞት የነበረው ኡቬ ነው።

ሐተታ፤ እንግዲያ ሐዘኑ ለቀቀው ወይ ቢሉ፣ አልለቀቀውም። መቃብሯ ዘንድ እየሄደ ያጫውታታል፤ ወደ እሷ መምጣቱ ለምን እንደ ዘገየ ያስረዳታል። ሐዘኑም አለ፣ ሥራውም አለ። ባክማንን የምወደው ከሁለቱ አንዱን ስላልሰረዘ ነው።

ሞተ ወይ ቢሉ፣ 4 ዓመት ያህል ኖሮ በልቡ ሕመም ሞተ። ፓርቫኔ በደጁ ያለው በረዶ አለመጠረጉን አይታ ነው ያወቀችው። ኋላ ቤቱን ለማየት የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ወጣት ባልና ሚስት መጡ፤ ፓርቫኔም ባልየውን ምን መኪና እንደሚነዳ ጠየቀችው፤ ሳብ አላት። ስለምን ይህን ጠየቀች ቢሉ፣ ያንን ቤት ለማንም እንዲሁ አትሰጥምና።