አብሮ ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ እዚህ ኤደን ቃሂራ ብዙዎቻችን የስደት ዘመናችንን የምንቆጥረው ወደ አገር ቤት በላክነው ገንዘብ ነው። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ ተነሥተን ባሕሩን ያቋረጥንበትን ሌሊት ግን እርስ በርሳችን አናነሣውም። «ያለፈው አልፏል፤ ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል?» እንላለን። እውነት ዝም ብሎ መርሳት ይሻላልን?

ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 24 ወደ ኤማሁስ ይሄዱ ስለነበሩት ሁለት ደቀ መዛሙርት ይነግረናል። ጌታ አብሯቸው ሲሄድ አስቀድሞ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው። ሁሉን የሚያውቅ እርሱ ጠየቀ! ኀዘናቸውን በአፋቸው እንዲናገሩት ፈቀደ፤ ከዚያም መጻሕፍትን ተረጎመላቸው። ዓይናቸው የተከፈተው ግን በማዕድ አብረው ተቀምጠው እንጀራውን ሲቆርስ ነው። በመንገድ ሳሉ ልባቸው ይቃጠል እንደነበር አንዱ ለሌላው የመሰከረው ያን ጊዜ ነው። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ትርጉሙ የገባቸው አብረው ከተቀመጡና አብረው ካሰቡ በኋላ ነው።

አባቶቻችን ያቆዩልን የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው። በአገር ቤት ማኅበርተኞች በየወሩ በ12 ለቅዱስ ሚካኤል ወይም በ21 ለእመቤታችን በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎት ይደርሳል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል። የታመመው ይጠየቃል፣ ያዘነው ይጽናናል፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ያልፋል። ዝክር ማለት መታሰቢያ ነው፤ ለብቻ የሚታሰብ ሳይሆን አብረው የሚበሉት፣ የሚጠጡት፣ የሚነጋገሩበት መታሰቢያ።

እዚህ ጠላ ባይኖር ሻይ አለ፤ ድፎ ባይጋገር ኹብዝ ይቆረሳል። ካህን ባናገኝ እንኳ «አባታችን ሆይ» ብለን እንጀምር። ከአሠሪዎቿ ፈቃድ ያላገኘች እህታችንን በስልክ እናስገባት። በመንገድ የቀሩትን በክርስትና ስማቸው እናስባቸው፤ በዚያ ሌሊት ከያዘው ውኃ ያካፈለንንም እናንሣ፤ የእግዚአብሔር እጅ የት እንደነበረች ያን ጊዜ ይታየናል። መናገር ያቃተው ወንድም ቢኖር አናስገድደው። እመቤታችንም ያየችውንና የሰማችውን በልቧ ትጠብቀው ነበር፤ እርሱም አብሮን መቀመጡ ይበቃዋል።

ባሕሩን ለብቻችን ተሸክመን ከኖርን ፍርሃት ሆኖ ይቀራል፤ በአንድ ማዕድ ካሰብነው ግን ምስጋና ይሆናል። የፊታችን 21 ተረኛው ማን ነው? ዛሬውኑ እንነጋገር።

በግብፅ የተሰደደው ጌታችን ስደታችንን ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።