የጠጋኝ ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ ነው?



ከእኛ መካከል በስደት ላይ ያልለመደውን ሙያ ያልሞከረ ጥቂት ነው። እኔም ጠመኔዬን አስቀምጬ፣ ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከመፈንዳቱ በፊት፣ በአንድ ብየዳ ቤት ሒሳብ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራችን በር፣ መስኮትና የአልጋ ብረት ነበር። ጥያቄዬ የተነሣው ግን ከጠመንጃ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ ሱዳናዊ አዛውንት ከአያታቸው የወረሱትን ጠመንጃ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። አሮጌ መሣሪያ መፍታትና መግጠም ጊዜ ማሳለፊያቸው ነው። ጥይቱ የሚገባበትን የሚዘጋው ብረት ተሰንጥቋል። ራሳቸው በጎረቤት ማሽን ሊበይዱት ሞክረው አበለሻሽተውታል። ጎንደሬው በያጃችን ብረቱን ገልብጦ አየና፣ «መምህር፣ ንገራቸው» አለኝ። «ስንጥቁን እደፍነዋለሁ፤ በሞረድ ካስተካከልሁት ዓይን አይለየውም። ግን ለግድግዳ እንጂ ለተኩስ አይሆንም።»

ምክንያቱን ያስረዳኝ በኋላ ነው። የጠመንጃ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ተግሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ነው። የብየዳ እሳት ብረትን የሚያቀልጠው 1500 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ልክ በአንድ አፍታ ይጠፋል። ከስፌቱ አጠገብ ያለው ብረት አንዱ ጋ ይለሰልሳል፣ ሌላው ጋ ቶሎ ከቀዘቀዘ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። የአሮጌ ብረት ዓይነቱም በዓይን አይታወቅም። በዘመናዊ ጠመንጃ ውስጥ ደግሞ የባሩዱ ግፊት ከአየር ግፊት ሦስት ሺህ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ብረቱ ከከዳ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። የአልጋ ብየዳ ቢለቅ የተኛው ሰው ይወድቃል፣ ይሳቃል፣ አልጋው ተመልሶ ይመጣል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «የተራበ ስደተኛ ሥራ አይመርጥም፤ ኃላፊነቱ ያሠራው ሰው ነው» ይላሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የነበሩትን አውሮፓውያን እናስታውስ። አብዛኞቹ በ1850ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን መድፍ ፈለጉባቸው። አናውቅም ማለታቸው አላዳናቸውም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎ፣ እንደገና ተሞክሮ፣ በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ሕዝቡ በገመድ እየጎተተ፣ ተራራ እየተናደ መንገድ ሲሠራለት፣ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ውጊያ ከንጉሡ ትላልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ።

እነዚያን ሰዎች መድፍ ሠሩ ብዬ መውቀስ ይከብደኛል፤ ከአገሩ መውጫ አልነበራቸውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። መድፉን የሚያቀጣጥለው ወታደር የነሐሱን ሆድ አላየም። ያየውም የሚያውቀውም የሠራው ብቻ ነው። ገዥው ሊመረምረው በማይችለው ዕቃ ላይ ማስጠንቀቂያው የሥራው ክፍል ነው እላለሁ፤ እንደ ስፌቱ ሁሉ እሱም በደንብ ተሠርቶ መሰጠት አለበት። በያጃችን ይህን አድርጓል። ብረቱንም ደፈነ፣ ቃሉንም ተናገረ።

ቃሉ ግን በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው።

የዴም ቤት ኪራይ የሁለት ወር ውዝፍ ነበረብኝ። «ለተኩስ አይሆንም» ካልኋቸው ጠመንጃቸውን ጠቅልለው እንደሚሄዱ ከፊታቸው አነበብሁ። በዐረብኛ ያልኋቸው «ብዙ ባይተኩሱበት ይሻላል» ነው። በያጁ ዐረብኛው ለገበያ ብቻ ነበርና፣ ያለውን ያልሁ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። አዛውንቱ መርቀውን፣ ከፍለው ሄዱ።

በሁለት ዓርብ ወጥቼ ቤታቸውን ፈለግሁ። በሁለተኛው አንድ ባለሱቅ «ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል፣ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ምን ብሎ እንደሚነግራቸው አጥርቼ አስረዳሁት፤ ሁለት ጊዜ አስደገምሁት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ሁሉ የሚወርድበት ጊዜ።

ለበያጁ እስካሁን አልነገርሁትም። እዚሁ ሰፈር ነው ያለው፤ ይህን ጽሑፍም ያነብበዋል።