በሰው ስም የተለመነ ገንዘብ

አንድ ሰው በሌላው ስም ገንዘብ ቢለምን፣ የተገኘው ገንዘብ የማን ነው? የለማኙ ነው? የሰጪው ነው? ወይስ ስሙ የተጠራለት ሰው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሕግ ባለሙያዎች በአንድ አንቀጽ የሚዘጉት ይመስላል። የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች በምን ዓይነት ገንዘብ እንደ ቆሙ ለማወቅ የሚሻ ሰው ግን ይህን ጥያቄ በየደጃፉ ቆሞ ያገኘዋል። ኮሌጅ ከድንጋይና ከመጻሕፍት ብቻ አይሠራም፤ ድንጋዩን ያስጠረበ፣ መጻሕፍቱን ያስገዛ ልመናም ነበር። የምስረታ በዓል በተከበረ ቁጥር የሰጪዎች ስም ይነበባል፤ ልመናው በማን ስም እንደ ተካሄደ ግን እምብዛም አይነገርም።

በሰሜን አሜሪካ የኮሌጅ ልመና ከኮሌጆቹ ጋር እኩያ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1636 የተመሠረተው ሃርቫርድ ገና በአምስተኛው ዓመት ገንዘብ የሚያሰባስቡ መልእክተኞች ወደ እንግሊዝ ሄደውለት ነበር። ለዚሁ ተግባር በ1643 ለንደን ውስጥ የታተመችው ትንሽ መጽሐፍ ስለ ኮሌጁ ትምህርትና ደንብ ከመናገሯ በፊት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ወደ ክርስትና መምጣት መጀመራቸውን ታበስራለች። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ለንደን የተቀመጠ ነጋዴ የሠፋሪዎች ልጅ ላቲን ይማር ዘንድ ከሚዘረጋው እጅ ይልቅ «ላልተማረው» ሕዝብ ነፍስ የሚዘረጋው እጅ እንደሚረዝም ለማኞቹ ሳይረዱት አልቀሩም። በ1655 ገደማ በግቢው ውስጥ «የሕንዶች ኮሌጅ» የሚባል የጡብ ሕንጻ ቆመ። ከነባር ሕዝቦች ወገን ኬሌብ ቺሻቱማክ የተባለ ወጣት በ1665 ተመረቀ። ሕንጻው ግን በአመዛኙ ለእንግሊዛውያን ተማሪዎችና ለማተሚያ መሣሪያ ካገለገለ በኋላ በ1698 ፈረሰ፤ ጡቡም ለሌላ ግንባታ ዋለ።

ከዚህ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተፈጸመው የሳምሶን ኦከም ታሪክ ጉዳዩን ይበልጥ ጥርት አድርጎ ያሳየናል። ኦከም በ1723 ኮነቲከት ውስጥ ከሞሂጋን ሕዝብ ተወለደ። በሃያ ዓመቱ ኤሊያዛር ዊሎክ ከሚባል ቄስ ዘንድ ገብቶ አራት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ ዓይኑን በመታመሙ ትምህርቱን አቋረጠ። በሎንግ አይላንድ መምህርና ሰባኪ ሆነ፤ በ1759 የቅስና ማዕረግ ተቀበለ። ክፍያው ግን ከማዕረጉ ጋር አልሄደም። በ1768 ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው ጽሑፍ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ያገኘው 180 ፓውንድ ለሌላ ሚሲዮናዊ በአንድ ዓመት ብቻ የሚሰጥ መሆኑን ይመሰክራል። ልጆቹን ለማሳደግ ዓሣ ያጠምድ፣ የእንጨት ማንኪያ ይጠርብ፣ ያረጀ መጽሐፍ ይጠርዝ ነበር።

ዊሎክ በዚህ ተማሪው ስኬት ተበረታትቶ በ1754 ለነባር ሕዝቦች ልጆች የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤት ከፈተ። ገንዘብ ሲያጥረው፣ በ1765 ማብቂያ ላይ ኦከምን ናትናኤል ዊተከር ከሚባል ቄስ ጋር ወደ እንግሊዝ ላከው። የልመናው ቃል በአጭሩ «ይህን ሰው እዩ፤ ብትረዱን እንደ እርሱ ያሉትን ብዙዎች እናስተምራለን» የሚል ነበር ማለት ይቻላል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም፤ ማስረጃው ራሱ ኦከም ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ እንግሊዝንና ስኮትላንድን እየዞረ ከ300 በላይ ስብከት ሰበከ። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ 200 ፓውንድ ሰጡ። መኳንንቱም ተራው ሕዝብም አዋጥተው ገንዘቡ 12,000 ፓውንድ ያህል ደረሰ። የመድረክ ተዋንያን እርሱን እያስመሰሉ ይቀልዱበት እንደ ነበርም ኦከም በዕለት ማስታወሻው መዝግቧል። ያም ሆኖ ልመናውን አላቋረጠም።

በ1768 ሲመለስ፣ ዊሎክ እንደሚንከባከባቸው ቃል የገባላቸው ሚስቱና ልጆቹ በችግር ላይ ነበሩ። የትምህርት ቤቱም ዓላማ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ዊሎክ በ1769 ከኒው ሃምፕሸር አገረ ገዢ የኮሌጅ መመሥረቻ ቻርተር ተቀበለ፤ በ1770ም ወደዚያው ተዛወረ። ኮሌጁ ለንደን ላይ ገንዘቡን በአደራ በያዙት ሰዎች አለቃ በሎርድ ዳርትማውዝ ስም ተሰየመ። የሚገርመው፣ እነዚሁ ባለአደራዎች ገንዘቡ ለኮሌጅ መዋሉን አልወደዱትም ነበር። ቻርተሩ የነባር ሕዝቦችን ወጣቶች ይጠቅሳል፤ «የእንግሊዛውያንን ወጣቶችና ሌሎችንም» አስከትሎ ይጨምራል። በተግባር ጎልቶ የወጣው ይህ የተጨመረው ነው። በ1775 ገደማ የእንግሊዙ ገንዘብ አለቀ።

በ1771 ኦከም ለቀድሞ መምህሩ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ለዓላማው ሲል በባዕድ አገር የሰው ሁሉ መመልከቻና መሳለቂያ ለመሆን ፈቅዶ እንደ ነበር ያስታውሰዋል። በላቲን ቃላት እየተጫወተ፣ «አጥቢ እናት» የተባለው ተቋም የእርሱን ወገኖች ለማጥባት እጅግ የነጣ እናት እንዳይሆን እሰጋለሁ ይለዋል። ላቲኑን ያስተማረው ዊሎክ ራሱ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል።

እንግዲህ ዊሎክ ሌባ ነበር ልንል ነውን? ወደ ኪሱ ያስገባው ገንዘብ የለም፤ ለትምህርት የተለመነው ለትምህርት ዋለ። መከራከሪያውም ቀላል አይደለም። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ እየተዉት ይሄዱ ነበር፤ በ1769 የኦናይዳ ሕዝብ ልጆቹን ከትምህርት ቤቱ አስወጣ። ተማሪ በሌለበት ገንዘቡን አስሮ ከማስቀመጥ ብዙዎችን የሚጠቅም ኮሌጅ ማቆም አይሻልም? ደግሞስ ዳርትማውዝ በኋለኛው ዘመን ስንቱን ምሁር አላፈራም? ብዙ ሰዎች፣ በተለይ ተቋም የመምራት ኃላፊነት የወደቀባቸው፣ በዚህ ክርክር የሚረቱ ይመስለኛል።

እኔ ግን አልተረታሁም። በመጀመሪያ፣ ልጆቹ ለምን እንደ ሄዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጄ ከመማር ይልቅ በእርሻ ሥራ ይውላል ብሎ በጽሑፍ ያማረረ አባት ነበር። ሁለተኛውና ዋናው ነገር በአማርኛ አደራ የምንለው ነው። አደራ ከስጦታ ይለያል። ስጦታ የተቀበለ ሰው እንደ ወደደ ያደርገዋል። አደራ የተቀበለ ግን የተሻለ ያለውን ነገር እንኳ ለማድረግ መብት የለውም፤ ሊያደርገው ቢፈልግ ወደ ባለቤቱ ተመልሶ መጠየቅ አለበት። ዊሎክ የለንደን ባለአደራዎችን በደብዳቤ ለማሳመን ሞክሯል። ስማቸው የተጠራላቸውን ሕዝቦች ግን በጉባኤ አስቀምጦ «በስማችሁ የመጣውን ገንዘብ ለዚህ ባውለው ትፈቅዳላችሁ?» አላለም። የበደሉ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ የገንዘቡ መጠን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ኦከምም ቢሆን ድርሻዬን አምጣ አላለም። የጠየቀው ልመናው የተለመነለትን ዓላማ ነው።

በአገራችን የቆሎ ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲለምን፣ ሰጪዋ እናት የምትሰጠው ቁራሽ የማን አፍ እንደሚገባ ታውቃለች። ልመናው አድካሚ ነው፤ ውሻውም ስድቡም አለበት። ነገር ግን በለማኙና በተለመነለት መካከል ርቀት የለም። የኦከም መከራ የመጣው ይህ ርቀት አንድ ውቅያኖስ የሚያህል ሲሆን ነው።

ርቀቱ ሲጠብ ምን እንደሚሆን ለማየት ከአሜሪካ ሳንወጣ ወደ ፊስክ መሻገር ይጠቅማል። በ1866 ናሽቪል ከተማ ውስጥ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት ዕዳ ተጭኖት ሊዘጋ ሲቃረብ፣ በ1871 ዘጠኝ ወጣት ዘማሪዎች ከገንዘብ ያዡ ከጆርጅ ኋይት ጋር ለልመና ጉዞ ወጡ። ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን ያዜሟቸውን መዝሙሮች በአደባባይ ለማሰማት መጀመሪያ ፈቃደኞች አልነበሩም፤ ለእነርሱ የተቀደሱ፣ የቤት ውስጥ ምስጢር ነበሩና። ኋላ ግን ታዳሚውን የማረኩት እነዚሁ መዝሙሮች ሆኑ። በ1873 በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ፤ ባገኙት ገንዘብ የተሠራው ጁቢሊ ሆል በ1876 ተመረቀ። እነርሱም እንደ ኦከም መታያ ሆነዋል፤ ሆቴል ተከልክለዋል፤ በድካም ጤናቸውን ያጡ ነበሩ። የሚዘፈንለትን ኀዘን ለገበያ ማቅረብ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ለኪነ ጥበብ ሰው ዛሬም የሚቆረቁር ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ቢሆንም ሕንጻው ሲቆም በበሩ የገቡት የዘማሪዎቹ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ።

ኦከም ወደ ዳርትማውዝ አልሄደም። የቀረውን ዕድሜውን ከኮነቲከትና ከአካባቢው የተሰባሰቡ ነባር ሕዝቦች በኒው ዮርክ ምድር ብራዘርታውን የተባለ የራሳቸው ሠፈር እንዲመሠርቱ በመርዳት አሳለፈ፤ በ1792 ዐረፈ። ኮሌጁ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ያስመረቃቸው የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ሃያ አይሞሉም ነበር። በ1970 ፕሬዚዳንቱ ጆን ኬመኒ የመጀመሪያውን ዓላማ እንደሚያድሱ አስታወቁ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እጅግ አድጓል። በሚያዝያ ወር 2022 ደግሞ ዳርትማውዝ የኦከምን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች በሥነ ሥርዓት ለሞሂጋን ሕዝብ መለሰ። ወረቀቶቹ ዛሬ ኦከም ለልመና ከመውጣቱ በፊት ይኖርበት በነበረው በኮነቲከት ምድር ይገኛሉ።