ስለ ሩቅ አባት

ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት መካከል የትውልዳቸውን መጽሐፍ ፈልገው በማጣታቸው ከክህነት የተለዩ ሰዎች እንደ ነበሩ መጽሐፈ ዕዝራ ይተርካል፤ ስደቱን ከወገናቸው ጋር ተሰደው፥ መመለሱንም ከወገናቸው ጋር ተመልሰው ሳለ፥ በመዝገብ መጥፋት ምክንያት ከመሠዊያው ራቁ።

ሰው በሩቅ አባት ስም የአንድ ሕዝብ ወገን ነኝ ሲል ምን ማለቱ ነው? ወደ ኋላ 10 ትውልድ ብንቆጥር በዚያ እርከን ላይ ለእያንዳንዳችን 1,024 የአባትና የእናት ስፍራ ይገኛል፤ እንግዲህ አንዱን ብቻ የሚጠራ ሰው የ1,023ቱን ስም በዝምታ አልፏል፤ ይህንንም ምርጫ ያደረገው ፈቃዱ እንጂ ደሙ አይደለም።

ክብረ ነገሥት የእስራኤል በኵሮች ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንደ መጡ ይናገራል፤ በ1948 ዓ.ም. የወጣውም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ አዛምዶ ደንግጓል። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤልም ከዚያው ጉዞ የተነሣ ትውፊት አላቸው። ነገር ግን ይኸው የዘር ሐረግ ለአንዱ ዙፋን ሲያጸና፥ ሌላው ርስት ተነፍጎ፥ ብረት እየቀጠቀጠና ሸክላ እየሠራ፥ ቡዳ እየተባለ ኖረ።

በእስራኤል አገር እ.ኤ.አ. በ1950 የታወጀው የመመለስ ሕግ በ1970 ተሻሽሎ ወደ አገሪቱ የመግባትን መብት እስከ አይሁዳዊ ልጅ ልጅ ድረስ ዘረጋ። በ1973 ሊቀ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ፥ የ16ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የዳዊት ቤን ዚምራን ቃል መሠረት አድርገው፥ ቤተ እስራኤል ከነገደ ዳን ናቸው ብለው ፈረዱ፤ ልብ በሉ፥ ይህ አባት ሽማግሌዎቹ ከምኒልክ ጉዞ ጋር አያይዘው ከሚተርኩት የተለየ ነው። ፍርዱም ጥርጣሬውን አላጠፋውም፤ የእስራኤል የረቢዎች ጉባኤ በውኃ የመጥለቅን ሥርዓት ስለ ጠየቃቸው፥ በ1985 በኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ተቀምጠው ተቃወሙ። እኔም እውነቱ ከእነርሱ ጋር ነበር እላለሁ፤ ዳን ቢኖርም ባይኖርም፥ ኦሪትን አክብረው፥ ሰንበትን ጠብቀው፥ ለስግድ በዓል በጾም ተራራ ወጥተው የኖሩ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይሻሉ?

ይህ ፍርዴ ግን ከቤተ እስራኤል ወገን በ19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም ወዲህ አያቶቻቸው ክርስትናን በተቀበሉት፥ በጎንደርም ሆነው ወደ እስራኤል የሚጓዙበትን ቀን በሚጠባበቁት ላይ እንደሚከብድ አልክድም፤ ኑሮ ይመስክር ካልሁ፥ አያቶቻቸው የተዉትን ሕግ በእነርሱ ላይ መቍጠር ይገባኛልና። ሆኖም ከተጠመቁ በኋላም ብዙዎቹን ጎረቤቶቻቸው በቀድሞው ዘራቸው ለይተው ጋብቻ ይነፍጓቸው ነበር። ዛሬ በመዝገቡ ፊት ዘራቸውን እንዲያስረዱ ሲጠየቁ፥ ያ ጎረቤት ለምስክርነት አይጠራም።